ድንበሬ ላይ የወደቀው አጋዘን

ባለፈው ሳምንት ጭሮ አንድ ምሳ ቤት ብገባ፣ ግድግዳው ላይ የአጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል፤ ቀንዱ ላይ ደግሞ ኮፍያ። ባለቤቱ «የአያቴ ጀግንነት ነው፣ እማማ» አለኝ። የጠቀለልኩትን የሽሮ ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለውን ጀግንነት እኔ ገና በኮረዳነቴ ነው የጠገብኩት።

አባቴ መሰላ አጠገብ ትቶልኝ የሞተው መሬት ጠባብ ነበር፤ ግን ምንጭ ነበረው። ከላይ ግራዝማች በየነ፣ ከታች ኦቦ አህመድ ይዋሰኑኛል፤ ሁለቱም ጠመንጃ አላቸው። አጋዘን መቼ ድንበር ያውቃል! ከላይ ይግጣል፣ ከታች ይተኛል፣ እኔ ጋ ይጠጣል። አጋዘኖቹ በየዓመቱ እያነሱ ሄዱ። ተዉ ብዬ ስለምናቸው ግራዝማች «እኔ ብተወው አህመድ ይጥለዋል» ይሉኛል፤ ኦቦ አህመድም ስለ ግራዝማች ያንኑ ይሉኛል። ክፋቱ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ፋሲካ እንዳለፈ፣ ግራዝማች ያቆሰሉት ወንድ አጋዘን ምንጬ ዳር መጥቶ ወደቀ። እያየኝ ያቃስታል። አሳዘነኝ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ። እንደማይተርፍ ገባኝ፤ በማን ቢላ እንደሚታረድ መወሰን ግን የባለመሬቷ ፈንታ ነው። ሮጬ ኦቦ አህመድን ጠራሁ፤ «ቢስሚላህ» ብለው አረዱት። በአገራችን ክርስቲያን የሙስሊም እርድ አይበላም፤ ሙስሊምም የክርስቲያን። ግራዝማች ሲደርሱ ሥጋው የኦቦ አህመድ አህያ ላይ እየተጫነ ነው። ምራቃቸውን ውጠው ተመለሱ።

ኦቦ አህመድ በሳቅ ፈረሱ። ማሽላው እሸት ሲሆን ግን እሳቸው የመቱት መጥቶ እዚያው ወደቀ። ግራዝማችን ጠራሁ፤ «በስመ አብ» ብለው አረዱት።

በነጋታው ሁለቱም ደጄ መጡ። ኦቦ አህመድ «አንቺ ልጅ፣ የማን ወገን ነሽ?» አሉኝ።

«የአጋዘኖቹ።»

ግራዝማች «ደግሞ ሴት ልታዝዘን ነው?» አሉ።

«እስክትስማሙ ድረስ እዚህ የወደቀ ሁሉ በተኳሹ ሳይሆን በሌላው ቢላ ይታረዳል» አልኳቸው።

ተነጫንጨው፣ ተነጫንጨው፣ በመጨረሻ አንዱ በመስቀል፣ አንዱ በቁርዓን ማሉ፤ እንስቷ አትነካም፣ ወንዱም ቢሆን ያለ ጎረቤት ፈቃድ አይተኮስበትም ብለው። እንግዲህ ግራዝማች ለኦቦ አህመድ ሊፈቅዱ? ኦቦ አህመድስ ለግራዝማች? ሁለቱም እስኪሞቱ ጠመንጃቸው ዝገት በላው።

መሬቱ ኋላ ከእጄ ወጣ። ምንጩ ዳር ግን አሁንም ኮቴ ይታያል ይሉኛል።

እዚያ ምሳ ቤት ታዲያ ከመሶቡ ተነስቼ ኮፍያውን ከቀንዱ ላይ አወረድኩት። ባለቤቱ «ምነው፣ እማማ?» አለ።

«አያትህ ጀግና ቢሆኑ ኖሮ» አልኩት፣ «መጀመሪያ ጎረቤታቸውን ያስፈቅዱ ነበር።»