ከዱቄት ጆንያ የወጣው ደብተር

ዘይነዲን በአሥራ ሰባት ዓመቱ የባሌው ሰነቴ ተራራ ላይ ሊቀር ነበር። ከሐረና ጫካ ማር ጭኖ ወደ ጎባ ሲመለስ በረዶ ያዘው። ፈረሱ ወደቀ፤ ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። አብረውት የተነሡት ሁሉ ነፍሳቸውን ለማዳን ሲሮጡ ጓደኛው ዓብዱልፈታሕ ብቻ ተመልሶ መጣና አዝሎት ጎባ ሆስፒታል አደረሰው። የግራ እግሩን ሦስት ጣቶች አጣ፤ ሕይወቱ ግን ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ዓብዱልፈታሕ የጠየቀውን እምቢ ብሎት አያውቅም።

ትምህርት ቤት አልገባም፤ ፊደል ብቻ ከሰው ለምዷል። ሮቤ ውስጥ የእርሻ መድኃኒት ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ አንድ ገበሬ የፀረ አረም ጠርሙስ አንሥቶ «ይሄ ጽሑፍ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ዘይነዲን አፈረ። በማግስቱ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገዛ። በየጠርሙሱ ላይ ቀድሞ ያወቃት ቃል «መስት» ነበረች፤ ጓንት ማጥለቅ ግዴታ ነው፣ ከልጆች መራቅ አለበት፣ የምትል።

ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ሱቅ ጀርባ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ። በእሱ ዘንድ ዓረፍተ ነገር ሁሉ እውነት መሆን ነበረበት።

«ጆን ትምህርት ቤት መሄድ አለበት አትበሉኝ። ጆንን ማን ያውቀዋል? ዛሬ ጠዋት ምን ግድ ነበረባችሁ? እሱን ንገሩኝ። መስት ራሳችሁ ያመናችሁበት ነው። ሃቭ ቱ ሰው ወይም ሁኔታ የጫነባችሁ ነው። ሹድ ምክር ናት፤ ብትተዉአት ማንም አይከሳችሁም።»

ባጃጅ ነጂው ገዳ ተነሣና «አይ ሹድ ፊክስ ማይ ብሬክ» አለ፤ ፍሬኔን ባሠራ ይሻላል ማለቱ ነበር።

«ሹድ? አንተ ልጅ፣ ፍሬኑን ነው በምክር የያዝከው? እኔ እኮ በአንተ ባጃጅ ነው የምሳፈረው!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ሁለተኛው ደንብ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል የሚል ነበር። ይህን ዘይነዲን ራሱ ምሎላቸዋል። ዓረፍተ ነገሮቹን ግን ለማረም ሲል ከነስማቸው በሰማያዊ ደብተር ይጽፋቸው ነበር።

ሐመልማል የከባድ መኪና ሾፌር ሚስት ናት። ጎባ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ እንግዳ ተቀባይ ለመሆን ትመኝ ነበር፤ ባሏ «አርፈሽ ቤትሽን ያዢ» ብሏታል። ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ እያለች ነበር የምትመጣው። ተራዋ ሲደርስ እንዲህ አለች፦ «አይ ሃቭ ቱ ሃይድ ማይ ኤክሰርሳይስ ቡክ ኢን ዘ ፍላወር ሳክ።» ደብተሬን ዱቄት ጆንያ ውስጥ መደበቅ አለብኝ ማለቷ ነበር። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ዘይነዲን ከነስሟ ጻፈው።

ዓብዱልፈታሕ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። አንድ ቀን «አንተ ዘይኑ፣ ያን ደብተርህን አምጣው፣ ዓይንህ እንዳይደክም አሳምሬ ልጻፍልህ» አለው። ዘይነዲን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስብ ሰጠው።

በሁለተኛው ወር ደብተሩ መጽሐፍ ሆኖ ታትሞ አውቶቡስ ተራ ላይ ሲሸጥ ተገኘ። ሽፋኑ ላይ የዓብዱልፈታሕ ስም ነበር። የሐመልማል ባል እኅት ለልጇ ፈተና ገዛችውና አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ የሐመልማልን ስም ስታይ ለወንድሟ አነበበችለት። ባልየው ወደ ጓዳ ገብቶ ጆንያውን ዘቀዘቀው።

ሐመልማል ዱቄት የለበሰውን ደብተር ዘይነዲን ፊት አኖረችው።

«ጋሼ፣ እኔ የነገርኩት ለእርስዎ ነበር።»

«ልጄ፣ ወላሂ እኔ…»

«አይማሉ። ጎባ የቀጠሩኝ ለሰኞ ነበር። አልሄድም፤ ቀርቷል።»

ዘይነዲን በዚያው ዕለት ዓብዱልፈታሕ ዘንድ ሄደ።

«ስምህን ባለመጻፌ ነው የተቆጣኸው?» አለው ዓብዱልፈታሕ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ።

«የኔን ስም ተወው። የሐመልማልን ስም ለምን አልሰረዝከውም?»

«እውነተኛ ስም ያለበት ነገር ይነበባል። ደግሞስ፣ ሰነቴ ላይ ባልመለስልህ ኖሮ ደብተርም አይኖርም፣ አንተም አትኖርም ነበር።»

በሃምሳ ዓመት ውስጥ ያ ነገር ከዓብዱልፈታሕ አፍ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዘይነዲን ስለ አላህ ብሎ የተመለሰለት ይመስለው ነበር።

«ያዳንከው እኔን ነው» አለ፤ «እሷን አይደለም።»

ከዚያ በእግሩ ወደ ሐመልማል ቤት ሄደ። ባልየው ግባ ሳይለው በር ላይ አቆመው። ዘይነዲን ቆሞ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን አትቆጣት አለ። ሐመልማል ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ቀና ብላ አላየችውም።

ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራል። ሰማያዊ ደብተር የለም። እያንዳንዱ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ሲታረም ራሱ ያጠፋዋል። ሐመልማል አልተመለሰችም።

በቀደም ገዳ ሰሌዳውን እያጠፋ «አባ ዘይነዲን፣ በዕድሜዎ ትልቁ ነገር ከሰነቴ መትረፍዎ ነው አይደል?» አለው።

«እሱ የዓብዱልፈታሕ ሥራ ነው፤ የእኔ አይደለም» አለ ሽማግሌው። «የእኔ የነበረው አንድ ነገር ሰው አምኖ የነገረኝን መጠበቅ ነበር። እኔ ግን ለእኔ የተዋለልኝን ውለታ በሌላ ሰው ምስጢር መለስኩ። ደብተሩን ከእጄ ሳላወጣ ስሟን መፋቅ ነበረብኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ግን ነበረብኝ።»