በመስታወት ውስጥ ያለ ደበሎ

ከአገሬ ከአርብ ገበያ የወጣሁበትን ዋዜማ ባሰብሁ ቁጥር ከስንብቱ እንባ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ የጫማው ክርክር ነው። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ከተከፈተ ገና ሳምንቱ ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ፣ ነገ ተመልሶ ቢዘጋስ እያለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊሰናበተኝ ቤቴን ሞልቶታል። ባለቤቴ ወይዘሮ የሻረግ ከንፋስ መውጫ ያስመጣችውን አዲስ የቆዳ ጫማ እግሬ ሥር አኖረችው።

«መሪጌታ፣ ፈረንጅ አገር በኮንጎ ጫማ ገብተው እንዳያሳፍሩን» አለችኝ።

«የሻረግ፣ እኔ እኮ የምሄደው ማኅሌት ልመራ ነው። ቤተ መቅደስ ሲገባ ደግሞ ጫማ ይወለቃል።»

«ታዲያ የወለቀውን ሰው አያየውም?» አለችና ቤቱን ሁሉ አሳቀችው።

ያልሳቀችው ሶስና ብቻ ነበረች። ሶስና የልጄ የአመለወርቅ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሰደድ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፣ አሁን ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ጉልበቴ ላይ ወጥታ ጢሜን ይዛ፣ «አባባ፣ እናቴን ሲያገኟት መቼ እንደምትወስደኝ ይጠይቁልኝ» አለችኝ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከጨርቄና ከቅሌ ጋር የተጫነብኝ ከባዱ ዕቃ ይህ አደራ ነበር።

የጠሩኝ በሚላኖ ከተማ ያሉ ምእመናን ናቸው፤ ድጓ የሚያስተምር ሰው ፈልገው በልጄ በኩል ደረሱኝ። አውሮፕላኑን አልተርክላችሁም፤ ዐይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም እየደገምሁ ስለ ተጓዝሁ ያየሁት ነገር የለም። ከወረድን በኋላ ግን የጠረፉ ሹም መቋሚያዬን ይዞ አቆመኝ። ከኋላዬ የነበረች የአገራችን ሴት አስተረጎመችልኝ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ሹሙ።

«መቋሚያ ነው።»

«እግርዎን ያምዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያመኝም።»

«ታዲያ ለምን ይመረኮዙታል?»

«ለመዘመር።»

«የሙዚቃ መሣሪያ ነው ማለት ነው?»

«የለም፣ እርሱስ ድምፅ የለውም።»

ሹሙ ዱላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያም ለባልደረባው አንድ ነገር ተናግሮ አሳለፈኝ። ሴትዮዋን ምን አለ ብላት፣ «ተራራ ወጪ ነው፣ ይለፉ ብሏል» አለችኝ። የጋይንት ሰው ነኝና ተሳሳተ ለማለት አልደፈርሁም።

ብርዱን ንፋስ መውጫ ቀድማ አስተምራኝ ስለ ነበር አልፈራሁትም። የከበደኝ ሰላምታ ማጣት ነው። በአሳንሰር ውስጥ የገባውን ሁሉ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና ስል፣ ሰዎቹ ቤታቸው ሳይደርሱ እየወረዱ በደረጃ መሄድ ጀመሩ። የቤቱ አከራይ ደግሞ ማለዳ ማለዳ የማዜመውን ሰምታ ልጄን ደጃፍ ላይ ያዘቻት።

«አባትሽ በየቀኑ ያለቅሳሉ፤ ሐኪም አሳዪያቸው እንጂ።»

«እያለቀሱ አይደለም ሲኞራ፣ እየዘመሩ ነው።»

«እንግዲያው ዜማውን ሐኪም ይየው» ብላ በሯን ዘጋች።

አመለወርቅ ሦስት ዓመት ፎቅ ስትወለውል ከኖረች በኋላ እጅግ ውድ ልብስ ወደሚሸጥበት መደብር በሻጭነት ገብታለች፤ ነገር ግን ለሦስት ወር ሙከራ ነው። ሶስናን ለማስመጣት ከእርሷ ጋር ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ጸሐፊው ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ልጅቱ አሁን ከማን ጋር ናት?»

«ከአያቷ ጋር።»

«ደኅና ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት።»

«ደኅና ከሆነች ለምን ትመጣለች?»

«እናቷ እኔ ነኛ!»

«እርሱን የሚያስረዳ ወረቀት አይቻለሁ። ቋሚ የሥራ ውል ግን አላየሁም። እርሱን ሲይዙ ይምጡ።»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ከዚያ መደብር አለቃ ፊርማ ላይ ተንጠለጠለ። ሙከራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጄ ማታ እራት ላይ ስለ ሥራዋ ስታጫውተኝ፣ «አንድ የበግ ቆዳ ካፖርት አለ፤ ሰባት ሺህ ዩሮ ነው» አለችኝ። ዜሮ ተሳስታ የጨመረች መሰለኝ። ዩሮውን ወደ ብር መለስሁት፣ ብሩን ወደ በሬ መለስሁት፤ በሬው ቀበሌውን ሁሉ አርሶ ተረፈ። በዕድሜዬ ያልተለየኝ አንድ ኃጢአት ጉጉት ነውና በማግሥቱ ቅዳሜ በዐይኔ ለማየት ብቻዬን ሄድሁ። እንዳትመጣ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እንደምመጣም ያወቀ አልነበረም።

ሰው በደጃፉ ተሰልፏል። ጥቁር ሱፍ የለበሰ ዘበኛ ገመድ ዘርግቶ ጥቂት ጥቂት እየቈጠረ ያስገባል። የሚያወራ የለም። በሩ ሲከፈት ሽቱ ሸተተኝ፣ ብርሃን ታየኝ፣ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ በሹክሹክታ ይነጋገራል። ፍርዱን ለእናንተ ልተወው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጸጥታና እንዲህ ያለ ሰልፍ ያየሁበት ስፍራ አንድ ብቻ ነው። ተራዬ ሲደርስ እግሬ ከራሴ ቀድሞ ታዘዘና ጫማዬን አውልቄ ደጃፉ ላይ አስቀመጥሁት።

ዘበኛው ደነገጠ። ነገር ግን በዚያ ቤት ለገባ ሰው አይሆንም ማለት ክልክል ኖሮ፣ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ የሻረግ ያስመጣችውን ጫማ በብር ዝርግ ላይ አድርጎ ተከተለኝ።

አመለወርቅ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባዬ! ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆንሁ፤ ልጠይቅሽ መጣሁ።»

«ጫማዎስ?»

«ያ ሰው ይዞልኛል።»

አለቃዋ፣ ቀጭን ጸጉረ ወርቅ ሴት፣ ከእግሬ እስከ ጥምጣሜ ለካችኝና፣ ምናልባት አንዱ የሩቅ አገር መስፍን መስዬያት እንደሆነ እንጃ፣ ወንበር አቀረበችልኝ፤ ውኃም በብርጭቆ አስመጣችልኝ። በአርብ ገበያ ጨው ነጋዴ ውኃ ቢያስመጣልኝ ጨዉ እርጥብ ነው ብዬ እጠረጥር ነበር።

ተቀምጬ ዞር ዞር ስል አየሁት። በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ መብራት በርቶለት፣ ደበሎ ተሰቅሏል! ወገኖቼ፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። ቆሎ ተማሪ ሆኜ ዐሥራ አንድ ዓመት የለበስሁት፣ ቅማሉን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ያራገፍሁት፣ በየደጁ ለምኜ ኩርማን እንጀራ ያገኘሁበት ያው የበግ ቆዳ ነው። ልዩነቱ ይህኛው አዝራር አለው።

ከመስታወቱ ፊት በእኔ ዕድሜ ያለች ነጭ ጸጉር ያላት እመቤት፣ ትንሽ ውሻ በክንዷ ይዛ፣ የዚያኑ ደበሎ አቻ ትለካለች። እኔን በስማዳና በእስቴ መንደር ሁሉ ደበሎዬን ያየ ውሻ ሳያባርረኝ ቀርቶ አያውቅም፤ ደበሎ የለበሰ ሰው ውሻ ሲያቅፍ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

እመቤቲቱ ለበሰችው፣ አወለቀችው፣ ደግሞ ለበሰችው። ዋጋውን አየች፣ መልሳ አየች። ሻጮቹ ፈገግ ብለው ቆመዋል እንጂ አንዱም አይናገርም። እናንተ የአገሬ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው በገበያ መካከል በዋጋ ሲያመነታ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የሚያልፍ ሽማግሌ ይቆማል፣ ይህን ያህል አልህ፣ ይህን ያህል ሰጠህ፣ አንተም ተው፣ አንተም ጨምር ብሎ እጅ ለእጅ አያይዞ ያስማማል። እኔም ተነሣሁ። በባዶ እግሬ ሄድሁና የእመቤቲቱን እጅ በቀኜ፣ የአለቃዋን እጅ በግራዬ ይዤ አገናኘኋቸው።

«አመለወርቅ፣ ተርጉሚ። ሻጭ ሰባት ሺህ ብላለች። ገዢስ ምን ትሰጣለች?»

«አባዬ፣ በወላዲተ አምላክ ይተዉኝ! እዚህ ዋጋ አይቆረጥም!»

«ዋጋ የማይቆረጥበት ገበያ የት አለ? ተርጉሚ ብዬሻለሁ።»

እመቤቲቱ ምን ይላሉ ብላ ጠየቀች። አመለወርቅ ቃል ሳትቀንስ ነገረቻት። እመቤቲቱ እጇን አላወጣችም፤ «ስለ ቆዳ ያውቃሉ?» አለችኝ።

እጃቸውን ለቅቄ ደበሎውን ከትከሻዋ ተቀብዬ ገለበጥሁት፣ አሸተትሁት፣ ጠጕሩን ሳብሁት፣ ስፌቱን በጥፍሬ ሞከርሁት።

«ቆዳው በደንብ የለፋ ነው፤ መዥገር አልነካውም። ስፌቱ ከእርስዎም ከእኔም ዕድሜ ይሻገራል። ዋጋው ግን ከበጉ ጋር አይተዋወቅም። ሁለት ሺህ ይበቃል።»

አለቃዋ ጥርሷን ሳትከፍት፣ «ዋጋችን አይለወጥም» አለች።

«እንግዲያው ምራቂ ይጨመርላት» አልሁ። «እህል ነጋዴ እንኳ ሰፍሮ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ይመርቃል።»

ልጄ ይህን ስትተረጉም ዐይኗ እንባ ሞልቶ አየሁ፤ በዚያች ቅጽበት ሶስና ጢሜን ይዛ የነገረችኝ ቃል እንደ ጦር ወጋኝ። አንተ ቀላዋጭ ሽማግሌ፣ አልሁ ለራሴ፣ ሕፃኗ እናቷን እንዳታገኝ ያደረግህ አንተ ነህ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እመቤቲቱ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ልጄም ተረጎመችልኝ።

«ከዚህ ቤት ስገዛ አርባ ዓመቴ ነው። ሁሉም አጎንብሶ ያሳልፈኛል። ከእኔ ጎን ቆሞ ቀንሱላት ያለልኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም።»

ሰባት ሺሁንም ከፈለች። አለቃዋ ከሣጥኑ ውስጥ፣ ጥርስ የሚነቅሉባት ይመስል፣ አንድ ጥንድ ጓንት ጨመረች። ምራቂው ያ ነበር።

የአገር ቤት ሰዎች፣ ያ ሁሉ ዋጋ ይገባዋልን? ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ስለ ቆዳው ከሆነ አይገባውም፤ በቆዳ ጉዳይ ምስክርነቴ የታመነ ነው። ስለ አቀባበሉ ከሆነ ግን ችኩል ፍርድ አልሰጥም። እኔ ደበሎ ለብሼ ሰባት ቤት ለምኜ ስድስቱ ውሻ ሲለቁብኝ፣ በሰባተኛው አንዲት ሴት፣ ግባ ልጄ፣ እሳት ሙቅ ያለችኝ ቀን ነበር። በዚያን ሰዓት ገንዘብ ቢኖረኝ ለዚያች ቃል ስንት እከፍል እንደ ነበር አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ያችን ቃል ይሸጧታል፤ የሚያስቀው ነገር ሲሸጧት ሙቀቷ በመንገድ ይቀራል።

ሰኞ አመለወርቅ ወደ አለቃዋ ተጠራች። እኔ ቤት ሆኜ መዝሙረ ዳዊት ሙሉውን ደገምሁ። ስትመለስ እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ በእጇ የተፈረመ ውል ይዛለች። እመቤቲቱ ደውላ፣ ዳግመኛ የምገለገለው በዚያች ልጅ ብቻ ነው ብላለች አሉ።

«አንድ ነገር ግን አለ አባዬ» አለችኝ። «ወረቀት ላይ አልተጻፈም። እርስዎ ሁለተኛ በዚያ በር እንዳይገቡ።»

በዘመኔ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ያልተገዘትሁ ሰው ከልብስ ቤት ተገዘትሁ። ግዝቱን በደስታ ተቀብዬ ጠብቄዋለሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ውሉን ተቀበለ፤ ለሶስና የጉዞ ፈቃድ ወጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አገር ቤት ደወልሁ። አስቀድሜ የደበሎውን ነገር ለየሻረግ ነገርኋት።

«ሰባት ሺህ? በእርስዎ ደበሎ ላይ እኮ ድመቷ ወልዳበታለች!» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ፈቃዱ መውጣቱን ነገርኋት። ሳቋ ቆመ። «እሰይ፣ ተመስገን» አለች፤ «ልብሷን አጥቤ አዘጋጃለሁ። ብዙም የላትም።» ይህን ብላ ስልኩን ለልጅቱ ሰጠቻት።

ሶስና እየጮኸች ትናገራለች፤ እናቴ ቁመቷ ስንት ነው፣ እዚያ በግ አለ ወይ፣ አውሮፕላኑ ሲወጣ ጆሮ ያማል ወይ። ሁሉንም በየተራ መለስሁላት። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ የእማማስ ወረቀት መቼ ነው የሚያልቅ?»

በጽሕፈት ቤቱ ቅጽ ላይ የእናት ስፍራ አለ፣ የልጅ ስፍራ አለ። የአያት ስፍራ የለም። እኔም ራሴ ለምእመናኑ ሁለት ዓመት ላስተምር ቃል ገብቻለሁ፤ ልጅቱ ከወጣች በኋላ በዚያ ቤት ማታ በር የሚዘጋ ሰው የሻረግ ብቻዋን ናት። አፌን ከፈትሁ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የተማርሁት ቃል ሁሉ ወዴት ሄደ?

«አባባ? ሄሎ! አባባ!»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደ ያዝሁ ቆምሁ።

«እማማ፣ ኔትወርኩ ሄደ» አለቻት ለአያቷ።

ኔትወርኩ አልሄደም ነበር።