ከሁሉ ፊት የሚጎርስ

ልጅ ሳለሁ፣ ገነተ ማርያም አጠገብ በነበረው ሰፈራችን፣ የወጡ ቅቤ ከማን ቤት እንደመጣ በጣዕሙ ለይቼ ስለምናገር ስሜ ተረስቶ «ቀማሽ» ተባልኩ። ድግስ ባለበት ሁሉ «ያቺን ቀማሽ ጥሯት» ሲባል እኔም ከተፍ ነው።

ያኔ ከእኛ ጋር ይኖሩ የነበሩት የእናቴ አጎት አያ ደስታው ግን ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። የድግስ አሳላፊ ሆነው ያረጁ ሰው ስለነበሩ ጠላ ሲቀዱ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ ለእንግዳ አይሰጡም ነበር። አንድ የክረምት ምሽት፣ ኩራዙ እየጨሰ፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«የሆዳም ስም እንዳይመስልሽ፣ ልጄ» አሉ። «ድሮ በዚሁ በላስታ አንድ ባላባት ነበሩ። ገበታቸው ሲቀርብ አንድ ሰው ከሁሉ ፊት ይጎርሳል። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሁሉም ጉሮሮውን ያያል። ካልወደቀ ጌታው ይበላሉ። ቀማሽ ማለት እሱ ነበር። እያንዳንዷን ጉርሻ የመጨረሻዬ ናት ብሎ ስለሚበላ፣ ጣዕም እንደሱ የሚያውቅ አልተገኘም። ጣዕም አዋቂ ሁሉ በስሙ የተጠራው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን መርዝ ቀመሰ። አወቀው። ግን እንዲያ ያለ ወጥ በልቶ አያውቅምና ደግሞ ጎረሰ። ሞቶም እስከ ዛሬ አልጠገበም ይላሉ። ሳይቀመስ የቀረበ ገበታ ካገኘ እጁን ይሰዳል።»

ከዚያ ምሽት በኋላ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ አለ። የሌላ ሰው እጅ ከእጄ ጋር ገበታው ላይ ያለ እየመሰለኝ እሸሽ ነበር። እየከሳሁ ስሄድ እናቴ «አያ፣ ልጄን ጦም አሳደሩብኝ እኮ!» ብላ አለቀሰች። እሳቸው ከፊቴ ቆርሰው ጎረሱ፣ ዓይኔን እያዩ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ «ብዪ፣ ልጄ» አሉኝ። በላሁ። እስኪሞቱ ድረስ ሳይቀድሙኝ አልበላሁም።

ዛሬ ላሊበላ ከተማ ወጥ ቤት ነኝ። ምግብ የሚያጣጥም እንግዳ ሞልቷል፤ ተረቱን ለማንም አልነግርም፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ባለፈው ፋሲካ ልጄ ገና ያልቀመስኩት ድስት ላይ እጇን ስትሰድ ሳላስበው ክንዷን ያዝኳት።

«ምን ሆንሽ፣ እማ?»

ቀድሜ ጎረስኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። በዕድሜዬ እንደዚያ የጣፈጠ ወጥ ሠርቼ አላውቅም፤ እጄ ደግሞ ወደ ድስቱ ሲሄድ አየሁትና መለስኩት።

«ብዪ፣ ልጄ» አልኳት።