የቦኖው ውሃ

ዛሬ ከሥራ ስመለስ የጥርስ ሳሙና ገዝቼ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ካርቶኑን ሳገላብጠው በትልቁ «ፍሎራይድ ያለው» ይላል። በሰው አገር ይህን ነገር ጨምረው ይሸጡታል። ቀኑን ሙሉ አዛውንት ሳነሣና ሳስተኛ ውዬ ወገቤ አልቀና ብሎኝ ነበር፤ እሱንም ረሳሁትና ድዴ ላይ የጨውና የከሰል ጣዕም መጣብኝ።

ያደግሁት ከአዳማ ወደ ሐይቆቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ እናቴን ከደጋ ይዟት መጣ። የእናቴ ጥርስ ሐጫ በረዶ ነው፤ ስትስቅ ሣቋ ከአጥር ያልፋል። የእኔ ግን የወተት ጥርሴ ወልቆ አዲሱ ሲበቅል በልዞ በቀለ። ጠዋት ጠዋት ከሰል ደቁሳ፣ ጨው ጨምራ፣ በአንድ እጇ አገጬን ይዛ ትፈትገኝ ነበር። ድዴ ይደማል።

«እኛ ንጹሕ ጥርስ ይዘን ነው የመጣነው! ይሄ ስንፍና ነው፣ ስንፍና!»

አመንኋት። አፌን ሳልሸፍን መሣቅ ተውሁ። ቅዳሴ ላይ እንኳ ተሰጥኦ ስቀበል ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ እስብ ነበር፤ እግዚአብሔር ያላየ ይመስል።

ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ አዳማ ስገባ፣ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ መምህራችን ከየቤታችን የምንጠጣውን ውሃ ይዘን እንድንመጣ አዘዘን። እኔም ከሰፈራችን ቦኖ በሃይላንድ ቀድቼ ሄድኩ። ላቦራቶሪው ኮምጣጤና የተጫረ ክብሪት ይሸት ነበር፤ የአዳማ ነፋስ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። ከጎኔ የምትሠራው የሻሸመኔ ልጅ አፏ አያርፍም። «አቦ፣ እጅሽን አውርጂና ሣቂ! ጥርስ ነው እንጂ የተሰረቀ ዕቃ አይደል» ትለኛለች።

መምህሩ በየብርጭቆው ቀይ ፈሳሽ ጠብ አደረገ። የእሷ ቀይ እንደሆነ ቀረ። የእኔ ቀስ እያለ ገረጣ።

«ይሄ የማነው?»

እጄን ወደ አፌ አነሣሁ።

«የእሷ ነው፣ ቲቸር» አለች ጓደኛዬ።

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። «ቀዩን ያደበዘዘው ፍሎራይድ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ድንጋይ እየሟሟ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይገባል። በትንሹ ሲሆን ጥርስ ያጠነክራል። ሲበዛ ግን፣ የሕፃን ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ያበልዘዋል። አዋቂ ሆኖ የመጣን ሰው ጥርስ አይነካም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፍቀሽ የምታስለቅቂው እድፍ አይደለም።»

ጓደኛዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ሰማሽ? ያለ ወንጀልሽ ነው የታሰርሽው!»

ይህን ስጽፍ እንኳ ምላሴ የፊት ጥርሶቼን ይነካካል።

በሕማማት ሳምንት ቤት ስሄድ፣ እናቴ እንድትፈርድልኝ ቸኩዬ ነበር። ደጅ ላይ ቢጫ ጀሪካኗን አጠገቧ አድርጋ ጎመን ስታጥብ ደረስኩና ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ስንፍና አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም፣ እማዬ። ውሃው ነው።»

ጀሪካኑን አየችው። «ከቦኖ ድረስ ተሸክሜ... በገዛ እጄ ያጠጣሁሽ እኔው ነኛ።»

«አላወቅሽም እኮ!»

እጇን በቀሚሷ አደረቀችና እንደ ድሮው አገጬን ያዘች። ሰውነቴ ሳላዝዘው ኩምትር አለ። እሷ ግን በአውራ ጣቷ ጥርሶቼን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ዳሰሰቻቸው። እጇ ጎመን ጎመን ይሸት ነበር።

የትንሣኤ ዕለት ቤታችን በጎረቤት ተሞልቶ አባቴ አንድ ቀልድ ተናገረ፤ ሁሉም ሣቀ። የእናቴን ሣቅ ግን አልሰማሁትም። ዞር ብዬ ሳያት፣ በዚያ ነጭ ጥርሷ ላይ ነጠላዋን ጎትታበታለች።

አሁን እሑድ እሑድ በስልክ ፊት ለፊት ስንተያይ እስከ መንጋጋዬ እሥቃለሁ፤ ሆን ብዬ፣ እንድታይልኝ። እሷም ትሥቃለች፤ እጇ ግን ከአፏ አይወርድም።

«እማዬ፣ እጅሽን አውርጂው» እላታለሁ።

«ተይኝ እስቲ» ትለኛለች። «ይልቅ ንገሪኝ፣ እዚያ ምን ዓይነት ውሃ ነው የምትጠጪው?»