የኤሊሴዎ የጫማ ክር

የቬልማ ሃስኬት ጸጉር የሸበተው በአውራጃው እስር ቤት በር ላይ ነው። ሰው ሲታሰር ራሱን እንዳያንቅበት የጫማውን ክር ፈትታ ትወስዳለች፤ ሲፈታ ትመልስለታለች። ሥራዋ ከሞላ ጎደል ይኸው ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዳኛው ኤሊሴዎ የተባለ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ፖም ለቃሚ እንዲለቀቅ አዘዘ። ጥፋቱ ያለ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር ነበር። ትእዛዙ እንደ ደረሰ የአውራጃው ፖሊስ አለቃ ሸሪፍ ራንዳል መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተደገፈ።

«የኢሚግሬሽን ሰዎች መንገድ ላይ ናቸው» አላት።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዳኛው ልቀቁት ብሏል። የግዛቱም ሕግ ለእነሱ ብላችሁ ሰው አታቆዩ ይላል።»

«አቆዪው መቼ ወጣኝ? ክሩን ፈልጊለት ነው ያልኩሽ። ክር ደግሞ ቶሎ ላይገኝ ይችላል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። ፌዴራል መንግሥቱ ወረቀት የሌለውን እስረኛ ለሰዎቼ ሳታስረክቡ ብትለቁ የፖሊስ ድጎማዬን እነሳችኋለሁ ብሏል። ግዛቱ ደግሞ ብታስረክቡ እከሳችኋለሁ ይላል። ሁለቱ ትልልቆች በየቢሯቸው ተቀምጠው ገመድ ሲጓተቱ፣ ገመዱ የተጠመጠመው ቬልማ አንገት ላይ ነው። በዚያ ድጎማ የሚገዛው ጥይት መከላከያ ሰደርያ ነዋ። የልጇ የትራቪስ ሰደርያ ጊዜው አልፎበታል፤ የጎኑ ማጣበቂያ እንኳን አልይዝ ብሎ በተራመደ ቁጥር ይከፈታል። ትራቪስ ደግሞ በዚያ ሸለቆ ብቻውን የሚዞር ፖሊስ ነው።

«የልጅሽን ደረት አስቢ» ብሏት ራንዳል ወደ ቢሮው ገባ።

በዚያች ቃል ጠላችው። እውነት ስለሆነች ይበልጥ ጠላችው።

ክሩ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ቬልማ መሳቢያውን ሳትከፍት ብዙ ጊዜ ተቀመጠች። ኤሊሴዎ ከመስታወቱ ወዲያ አግዳሚ ወንበር ላይ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ምላሱን ያወጣ ጫማውን እያየ ይጠብቃል። አንዴም ምን ሆናችሁ አላለም። ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

ድንገት ተነሥታ ክሩን ወሰደችለት።

«ያዝ። ውጭ ታስረዋለህ፣ አሁን ሂድ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሴኞራ» አለ፣ ቁጭ እንዳለ ክሩን መሰካት እየጀመረ። «ልጄ መኪና ይዛ ውጭ ትጠብቀኛለች። የእስረኛ ጫማ አድርጌ እንድታየኝ አልፈልግም።»

የሥራ ቡት ነው፤ ቀዳዳው አያልቅም። ቬልማ የማይታዘዛትን ጉልበቷን አጥፋ ተንበረከከችና ሌላኛውን እግር ያዘች። የክሩ ጫፍ ተተርትሯል። ብትልሰው፣ ብታሾለው ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለ። ጆሮዋ መንገዱ ላይ ነው።

«ኤሊሴዎ፣ ሊወስዱህ እየመጡ ነው» አለችው በመጨረሻ።

ቀና ብሎ አያት። አንድም ነገር ሳይጠይቅ ተነሥቶ ወጣ፤ ያልታሰረው ጫማ ወለሉ ላይ እየተጎተተ። መኪና ሲነሣ ሰማች። የአንዱ ጫማ ክር እጇ ላይ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት የኢሚግሬሽን ሰዎች መጥተው ባዶውን ወንበር አይተው ተመለሱ። ራንዳል ከበሩ ላይ ሆኖ ተመለከታት።

«ክሩ ተገኘ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።»

«እንግዲህ ሰደርያውም ቀረ። ለልጅሽ ራስሽ ንገሪው።»

ትራቪስ ለሥራ ተራው ሲመጣ የሰደርያው ጎን እንደ ልማዱ ተከፍቶ ነበር።

«እማ፣ አዲሱ መቼ ይመጣል አሉ?»

«አይመጣም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

ምክንያቱን ነገረችው። ትራቪስም የተከፈተውን ጎን እንድታስርለት ክንዱን አነሣላት፤ እሷም የኤሊሴዎን ክር ደረቱ ላይ አዙራ ጎኑ ጋ ሁለቴ ቋጠረችው።

«ጠበቀብኝ» አላት።

«ይጥበቅ።»

እሱ ወጥቶ ሄደ። ቬልማ የፖሊስ ሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጋ፣ ልጇ ሲናገር እስክትሰማ መጠበቅ ጀመረች።