የሞተው ሰውዬ ውሃ ሲጠጣ

የእህቴ ባል ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም አጫዋች ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያች ጠባብ የማሽን ክፍል ያልወጣ ሰው፣ ስለ ፊልም ሲያወራ ግን ሌላው ሁሉ ዓይን ያለው አይመስለውም። ሰፈሩ ሲያሾፍበት "ፕሮፌሰር" ይለዋል፤ እሱ የምር ይወስደዋል፣ ጉድ እኮ ነው።

ይህ ሁሉ ጉራ የመጣው ከአንድ ፊልም ነው። አንድ ሰውዬ በጠፈር መንኮራኩር ውሃ ጭኖ ወደ ደረቀች ፕላኔት ይሄዳል። ያኔ እሱ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ሲያሳየው አዳራሹ በተቃውሞ ፉጨት ተናጋ፤ እኔም አፏጭቻለሁ። እህቴ፣ ገና እጮኛው እያለች፣ ያለ ክፋት ጠየቀችው፤ ከነመንኮራኩሩ ተቃጥሎ የሞተው ሰውዬ እንዴት ተመልሶ ቁጭ ብሎ ውሃ ይጠጣል? "አንቺ ፊልም አይገባሽም" አላት። አገባትና ይህንኑ ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ ሲደጋግምባት ኖረ። እንግዳ ፊት፣ ልጇ ፊት፣ ስለ ዜና እንኳ አንድ ነገር ልትል ስትል "ተይ ባክሽ፣ አይገባሽም" ነው። ቀስ በቀስ አፏን ዘጋች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በቀደም ልጃቸው ፊልሙን ከኢንተርኔት አወረደችለት። ፕሮፌሰር ሆዬ አላዋቂነታችንን ሊያሳየን ቤቱ ጠራን፤ ወንበሩን ሳይቀር ራሱ ደረደረ።

እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ጥሩ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ ውሃውን እየለካ ይጠጣል፣ ኋላ የራሱን ድርሻ ለማያውቃቸው ሰዎች ይተዋል፣ መጨረሻ ላይ መንኮራኩሩ ይቃጠላል። አንጀት ይበላል። አማቻችን "አላልኳችሁም?" እያለ ይንጎራደዳል።

እህቴ ግን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። "ያኔ እሳቱ መሀል ላይ ነበር" አለች።

ፕሮፌሰሩ መንጎራደዱን አቆመና ትዝ ያለውን አወጣ። ፊልም ያኔ በጥቅል በጥቅል ተከፋፍሎ ነበር የሚመጣው። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት "ሰዉ እንዳይተኛብን እሳቱን ቶሎ አሳይ" ብሎት፣ የመጨረሻውን ጥቅል መሀል ላይ ሰክቶት ኖሯል። እሱ ራሱ በዋዜማው በትክክለኛው ቅደም ተከተል አይቶት፣ ለእኛ የተመሰቃቀለውን አሳይቶ፣ ይህንንም ረስቶ ደረቱን ነፍቶ ጠራን።

"ፊልሙ ግን ጥሩ አይደል?" አለ፣ አያፍርም።

"ፊልሙማ ጥሩ ነው" አለች እህቴ። "ያኔም ገብቶኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ገብቶኝ ነበር።"

አሁን እንግዳ ሲመጣ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምታወራው እሷ ናት። ፕሮፌሰሩ ጓዳ ገብቶ ሻይ ያፈላል።