ዋልካ ላይ የቆመ ቤት

ሰርካለም አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጫማዋ ላይ የተጋገረውን ጥቁር ጭቃ በእንጨት ትፍቃለች። የኋላ ጎማዎቹ ዋልካው ውስጥ እስከ ግማሻቸው ሰምጠዋል። ባሏ ደረበ ከሥር ገብቷል፤ ከእሱ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«ደርቋል አላልከኝም ነበር?»

«ከላይማ ደርቋል» አለ ከሥር ሆኖ።

ደረበ የትራክተር መካኒክ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከእርሻ እርሻ እየዞረ የቆመውን ያስነሳል፤ ሰርካለም ደግሞ አብራው እየዞረች ለአጫጆች ሸበጥ፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ትሸጣለች። ለብዙ ዓመት የዞሩት ባንዲት አባዱላ ሚኒባስ ነበር። የኋላ ወንበሯን ነቅለው ፍራሽ አነጠፉባት። ከፍራሹ ሥር መፍቻ፣ ከመፍቻው ጎን ሽንኩርት። ደረበ በተገላበጠ ቁጥር ሰርካለም ትነቃለች፤ ሰርካለም ልብስ ስትቀይር ደረበ ውጭ ቆሞ ዝንብ ያባርራል። ቢሆንም አባዱላዋ የማትገባበት ካምፕ አልነበረም። ጭቃ ቢይዛት እንኳ ጥቂት ሰው ገፍቶ ያወጣታል።

ከዚያ ይህ አውቶቡስ መጣ። ወደ ሱዳን ሊሻገሩ የመጡ ፈረንጆች ሞተሩ ተቃጥሎባቸው ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ጥለውት የሄዱት፣ ከሰርካለም በዕድሜ የሚበልጥ የጀርመን መኪና ነው። ውስጡ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የዕቃ ማጠቢያና መጸዳጃ ቤት አለው። ደረበ መጸዳጃ ቤቱን ባየ ዕለት ልቡ ሸፈተ። አባዱላዋን ከእሱ ሙያ ለተማረው ለካሌብ ሸጦ አውቶቡሱን ገዛና ሞተሩን ክረምቱን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ከረመ።

«ከእንግዲህ እንደ ሰው እንኖራለን» ብሏት ነበር። እንደ ሰው መኖሩ ቀርቶ መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር አውቶቡሱ እንዲያልፍ እሷ ወርዳ የዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ታነሳለች። ናፍጣውን እንደ ውሃ ይጠጣል። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ የሚለቀቅበት ውሃ አጥቶ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል።

የዛሬው ግን ከሁሉም ባሰ። የባለ እርሻው የአቶ ምናለ ሁለቱም ትራክተሮች ቆመዋል። ለአጫጆቹ ውኃ የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው፤ ውኃ ከሌለ አጫጅ ይበተናል፣ አጫጅ ከተበተነ የደረሰው ሰሊጥ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘራዋል። አቶ ምናለ ጠዋት ደውለው «እስከ ቀትር ካልደረስክ የዘንድሮውን ሥራ ለሌላ እሰጣለሁ» ብለዋል። እሳቸው ካባረሩት ደግሞ ጎረቤቶቻቸውም አይጠሩትም።

እንዲያም ሆኖ ሊደርሱ ይችሉ ነበር። ኮኪት ከተማ ላይ ሰርካለም ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ስትመለስ ግን አውቶቡሱ በአጫጅ ሞልቷል። በዚህ ወቅት አጫጅ ወደ እርሻ የሚጫነው በአሮጌ አውቶቡስ ስለሆነ፣ ማጭዱን የያዘ ሁሉ ሳይጠይቅ ገብቷል። ሁለቱ አልጋዋ ላይ ተጋድመዋል።

«ውረዱ! ይሄ ቤት ነው!»

«የማን እርሻ ነው እናቴ?» አለ አንዱ በጎጃምኛ ቅላጼ።

«ቤት ነው እላለሁ!»

«ቤት ከሆነማ ጎማው ለምኑ ነው?»

ተሳሳቁ። የመጨረሻው እስኪወርድ ረፈደ፤ ደረበም የረፈደውን ለማካካስ ብሎ በአቋራጩ ገባ። አቋራጩ ይኸው ነው።

የመኪና ድምፅ ሰማች። አባዱላዋ ነበረች፤ ከዳር ዳር እየተንሸራተተች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ካሌብ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ደህና ዋሉ እትዬ ሰርካለም? ጋሽ ደረበስ?»

«እግሩ ያውልህ።»

ደረበ በጭቃ ተለውሶ ወጣ። ካሌብ ዓይኑን ሰበረ። «አቶ ምናለ ደውለውልኝ ነው ጋሼ። እርስዎ ካልደረሱ ብለው…»

«ገመድ አለህ? ጎትተህ አውጣኝ።»

«በዚች? ይሄን ተራራ?»

ደረበ አውቶቡሱን ዞሮ አየው። «ጥዬው አልሄድም። መስተዋቱን ይፈቱታል፣ በሩን…»

ሰርካለም ተነሳች። የመፍቻውን ሣጥን ከውስጥ ጎትታ አወጣችና እግሩ ሥር ወረወረችው። «ለመስተዋት ብለህ ሥራህን ልትጥል ነው? ግባ!»

«አንቺስ?»

«እኔማ ቤቴ ነኝ!»

«አብረን እንሥራው ጋሼ» አለ ካሌብ ቀስ ብሎ። «የቆመው ሁለት ነው፤ ብቻዬን አልችለውም።»

ደረበ ሣጥኑን አቅፎ ገባ። አባዱላዋ ጭቃ እየረጨች ስትሄድ ሰርካለም ቀሚሷን አራገፈችና አፏ ላይ የቀረውን ስድብ ሁሉ ለባዶው አውቶቡስ አወረደችለት። ሲደክማት አልጋው ላይ ጋደም አለች። እግሯን እስከ ጫፍ ዘረጋች፤ ማንም አልነካትም። በእንዲህ ያለ ቀን እንቅልፍ መውሰዱ ራሱ አናደዳት፤ ግን ወሰዳት።

ስልኩ ሲቀሰቅሳት ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

«አንዱ ተነስቷል» አለ ደረበ። ድምፁ ቀሎታል። «አቶ ምናለም ሥራውን ለሁለታችን አድርገውታል። የምንዞረው ግን በአባዱላዋ ነው፤ ያንን ግንድ አውቶቡስ እርሻዬ ላይ እንዳላየው ብለዋል። ማደሪያችንም እሷው ናት። ካሌብ የፊቱ ወንበር ይበቃኛል ይላል።»

«ሦስታችን?»

«ለጥቂት ጊዜ ነው እኮ።»

ሰርካለም የተኛችበትን አልጋ ዳበሰችው። «ስማ፤ ነገ በተነሳው ትራክተር ይሄን ጎትተህ አስፋልቱ ዳር ታቆምልኛለህ። እዚያው እየነገድኩ እኖርበታለሁ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩን ብታስነሳው አንላቀቅም።»

«ይሄን ሁሉ ስትረግሚው ከርመሽ?»

«አሁንም እረግመዋለሁ።»

«እኔስ?» አለ ደረበ።

«ሥራ በሌለህ ቀን ትመጣለህ» አለች። «እግርህን ታጥበህ።»